የመልአከ ኮምፒውተር ጌትነት ሁለተኛ ዓይን

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ። እናንተ ዕድሜያችሁን የፈጃችሁበትን ሙያ እሱ በአንድ ክረምት ዕረፍት ይማረውና ከእናንተ አስበልጦ ሠርቶ ቁጭ ያደርገዋል። ጉረኛ ቢሆን ምናለ! ጉረኛን መጥላት ቀላል ነው፤ አገር ሁሉ ያግዛችኋል። ይሄኛው ግን ደግ ነው። ዓውደ ዓመት ሲመጣ «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት የሚቀድመው የለም። ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ያበድራል፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ገመድ ይይዛል። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

የደረሰበት አምሐ ነው። አምሐ ወልደ ሐዋርያት፣ ባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር፣ ከዋርካው ሥር ባለችው ሱቁ ውስጥ በፍየል ቆዳ ላይ ቅዱሳንን የሚሥል፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ታንኳና የሐይቁን ወፍ ይብራን የሚሥል ሰው ነው። ሥዕልን ከአባቱ ከዘጌው መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ተማረ፤ መሪጌታም ከአባታቸው። ይህ ሁሉ ትውልድ ቀለም ሲበጠብጥ ኖሮ ኖሮ፣ አንድ የሒሳብ መምህር ከአዳማ ተነሥቶ መጣና ከአምሐ ጋር አጥር ለአጥር ተከራየ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው አሉ።

የመምህሩ ስም ጌትነት ነው። አምሐ ግን «መልአከ ኮምፒውተር» ብሎ ሾሞታል። ሹመቱ ቤተ ክህነት ያጸደቀው አይደለም፤ የጓዳ ሹመት ነው፤ የሚያውቁትም አምሐና ሚስቱ ሰብለ ወንጌል ብቻ ናቸው።

መልአከ ኮምፒውተር ሥዕል የሚሥለው እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ላይ አንድ መስመር ቀመር ይጽፋል። ማሽኑ ያስባል፤ እሱ ሻይ ይጠጣል። ትንሽ ቆይቶ የተጠላለፈ፣ የተቆላለፈ፣ መጀመሪያና መጨረሻው የማይታወቅ መረብ ይወጣል። ያንን በፕሮጀክተር ሸራ ላይ ያበራና በእርሳስ ይከተለዋል። ቀለሙን እንኳ የሚመርጠው እሱ አይደለም። እያንዳንዷ የመረቡ ቀዳዳ ቁጥር አላት፤ ቁጥሯ ለሰባት ተካፍሎ አንድ ከተረፈ ቢጫ ትቀባለች፣ ሁለት ከተረፈ ቀይ፣ ምንም ካልተረፈ ደግሞ እሱ «የጣና ሰማያዊ» የሚለውን። ጣና ሰማያዊ የሚሆነው ፖስትካርድ ላይ ብቻ መሆኑን የአዳማ ሰው ከየት ይወቀው? ሥዕሉ ሰው የለበት፣ ዛፍ የለበት፣ መስቀል የለበት። ረቂቅ ሥዕል ነው ይባላል። ሰው ሁሉ ግን አፉን ከፍቶ ያየዋል። ሲያደንቁት ደግሞ እጁን እያራገበ፣ «ቀመሩ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግኩ!» ይላል። ይህችን ቃል በሰማ ቁጥር አምሐ ቆሽቱ ያራል።

ጥፋቱ የራሱ የአምሐ ነው። ጌትነት ገና በመጣ ሰሞን ቀለም የደረቀበት ብሩሽ ይዞ ሱቁ ድረስ መጣና፣ «አምሐዬ፣ ይሄ ነገር በምን ይታጠባል?» አለው። አምሐም በቅን ልብ አሳየው። ሸራ እንዴት እንደሚወጠር፣ ቀለም እንዴት እንደሚቀጥን፣ እጅ ሲደክም ክንድ በምን እንደሚደገፍ፣ አንድም ሳያስቀር አስተማረው። «በገዛ እጄ!» ይላል አሁን ሲያስታውሰው፣ እጁን እንደ ሌባ እጅ እያየ።

ዓመት ሳይሞላ መልአከ ኮምፒውተር ኤግዚቢሽን አሳየ። ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች አገጫቸውን ይዘው ከሸራው ፊት አልነቃነቅ አሉ። ወደ አምሐ ሱቅ ግን የገቡት መጸዳጃ ቤት የት እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር። ዞር ብለው ቅዱሳኑን እንኳ አላዩም፤ ቅዱሳኑ በእነዚያ ትላልቅ ዓይኖቻቸው እያዩአቸው!

«ሰውየው እኮ ምንም አላደረገህም» አለችው ሰብለ ወንጌል፣ ማታ ራት ላይ ሲነጫነጭ ሰልችቷት።

«እሱ ነዋ የሚያናድደኝ! ምንም አላደረገኝም!»

«እንግዲያው ያደርግህ ዘንድ ልንገረው?»

አንድ ቅዳሜ «ከማን አንሼ!» አለና አምሐም ረቂቅ ሥዕል ሊሥል ተነሣ። ሸራ ወጠረ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ቀዩንም ቢጫውንም ረጨው። ሰብለ ወንጌል ገባች፤ አየች፤ «ውይ! ማን ደፋብህ?» ብላ መወልወያ ልታመጣ ሮጠች። አምሐ ያን ሸራ አሁን የሱቁን ጣሪያ ፍሳሽ እየመለሰበት ነው።

ከዚያ በኋላ የሰውየውን ምሥጢር ለማወቅ ቆረጠ። የጎረቤት ወግ ነው ብሎ አጥሩን ተጠግቶ በመስኮቱ ሲያይ፣ መልአከ ኮምፒውተር ምን ሲሠራ አገኘው መሰላችሁ? የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ ሲበላ! ላፕቶፑ ፊቱ ተከፍቶ መረቡን ይፈትላል፤ ሰውየው እሾህ ይለቅማል። አምሐ በአንድ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ጋማ ላይ ዓይኑን ሲያፈስ ሰንብቶ ይሄን ይይ? «እግዚኦ!» አለና ተመለሰ። ራቱንም አልበላም፤ ምክንያቱም ራቱ ቀረሶ ነበር።

አሁን ስለ አንዲት ቃል ልንገራችሁ፤ የአምሐ ሕመም ሁሉ ከእሷ ይጀምራልና። መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ሥዕል አይተው ከሁለት ቃል አንዱን ይናገራሉ። የሚበቃ ከሆነ «ይሁን» ይላሉ። ልባቸውን ከነካው «ዕፁብ!» ይላሉ። አምሐ ከልጅነቱ ጀምሮ «ይሁን» ሲበላ ያደገ ሰው ነው። ቅድስት አርሴማን ሣለ፣ ይሁን። ሚካኤልን ከነክንፉ ሣለ፣ ይሁን። ጸጉሩን ሽበት ሲጀምረው እንኳ ወደ ዘጌ በጀልባ ሥዕል ተሸክሞ ይሻገራል፣ «ይሁን» ተሸክሞ ይመለሳል። «ዕፁብ» የተባለላቸው ሥዕሎች የሞቱ ሊቃውንት ሥዕሎች ናቸው።

ከሁሉ የባሰው የሐረጉ ነገር ነው። ሐረግ የምንለው በብራናና በሥዕል ጠርዝ የሚዞረውን ጥልፍልፍ ጌጥ ነው። አንዱን ከላይ፣ ቀጣዩን ከሥር እያለ ይሄዳል፤ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይታጠፋል። የአምሐ እጅ ግን ከልጅነቱ አመል አለበት። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለስና፣ ሐረጉን በራሱ ሥር አሳልፎ ከዚያ ያጥፈዋል። መሪጌታ በመቃ ብርዕ ጣቱን ስንቴ ቀጠቀጡት! «ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ ማን አለህ?» እያሉ። አመሉ አልለቀቀም፤ መሪጌታም ደክሟቸው ተዉት።

ጌትነት ከኤግዚቢሽኑ በፊት አንድ ቀን ይህን ሐረግ ሱቁ ውስጥ አየና ደስታ ሊገድለው ደረሰ። «አምሐዬ፣ እዚህ ጋ፣ ማዕዘኑ ላይ ምንድን ነው ያደረግከው?» አለ፣ ቆዳውን ወደ ብርሃን እያዘነበለ። አምሐ ቶሎ እንዲሄድለት ብሎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በጣቱ አሳየው። ጌትነት በስልኩ ቀርጾ፣ «አንተ ሊቅ ነህ!» ብሎ አቅፎት ሄደ። አምሐ አልተደሰተም። ማሾፍ መሰለው።

ታዲያ ዘንድሮ ወይዘሮ ውዴ በሐይቁ ዳር አዲስ ሆቴል ከፈቱ። አምሐ የሳሎኑን ትልቅ ግድግዳ ሲያይ እጁን በላው። በሐሳቡ አባቱን እዚያ ግድግዳ ፊት አቁሞ ነበር፤ የሚሉትንም ቃል ሰምቶ ነበር። ወይዘሮ ውዴ ግን በጣፈጠ አንደበታቸው እንዲህ አሉት፦

«ትልቁን ግድግዳ መምህር ጌትነት ይሥሉታል። አንተ ደግሞ የኔ ጌታ፣ መተላለፊያውን።»

«የትኛውን መተላለፊያ እትዬ?»

«ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደውን።»

አምሐ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። «ጥምቀትን ሣልልኝ፤ ሕዝቡ ታቦት አጅቦ ሲወርድ። መምህር ጌትነትንም ከሕዝቡ መሐል ጣል አድርግልኝ፤ ደስ ይላቸዋል።»

ጣል አደረገው። እንዴት አድርጎ እንደጣለው ለማወቅ ግን የድሮ ሠዓሊዎችን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑ ቦግ ብሎ። ክፉ በጎኑ ይሣላል፣ በአንድ ዓይኑ። ዲያብሎስ አንድ ዓይን ነው፤ ይሁዳ አንድ ዓይን ነው። የደብተራ ልጅ ይህን ከፊደል በፊት ያውቃል። አምሐም በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ካህናቱን በሁለት ዓይን፣ ዓሣ ሻጯን በሁለት ዓይን፣ የባጃጅ ሹፌሩን በሁለት ዓይን ሣለ። ወደ ጎን የዞሩትን ይብራዎች እንኳ ሁለት ሁለት ዓይን ሰጣቸው። ጌትነትን ብቻ በጎኑ አዙሮ አንድ ዓይን ሰጠው።

«ይበለው!» አለ፣ ብሩሹን እያጠበ። አንድ ነገር ብቻ አልሆንልህ አለው፤ ቶሎ ሞነጫጭሮት ሊሄድ አስቦ እጁ እምቢ አለ። አፍንጫውን ሲያስተካክል፣ ሲያለሰልስ፣ የጠዋት ብርሃን ሲያሳርፍበት ሰነበተ።

መልአከ ኮምፒውተር ሥዕሉን ባየ ጊዜ ምን አለ? «አምሐዬ! ከጎን ስታይ እንዲህ ነው የማምረው?» ብሎ ጮኸ። ፎቶ አነሣው። ቴሌግራሙ ላይ ለጠፈው። ሲያስተምር እንኳ ስልኩን እያሳየ፣ «ጎረቤቴ ነው የሣለኝ» ይል ነበር አሉ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የካህናት ልጆች ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። አምሐ ይህን ሲሰማ ሊስቅ ፈለገ፤ ሳቁ ግን ከደረቱ አልወጣም።

የምረቃው ዕለት ወይዘሮ ውዴ ጸሎት እንዲያደርሱ የጠሩት ማንን ቢሆን ጥሩ ነው? መሪጌታ ወልደ ሐዋርያትን። ከዘጌ በጀልባ መጡ፤ ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ሳሎኑ ገቡ። ጸሎቱን አደረሱ። ቀና ሲሉ ትልቁ ግድግዳ ፊታቸው ቆሟል።

መረቡ ከወለል እስከ ጣሪያ ነው። መሪጌታ አዩት። ጣታቸውን አነሡና አንዱን መስመር በአየር ላይ ይከተሉት ጀመር፤ ከላይ፣ ከሥር፣ ከላይ፣ ከሥር። አንድ ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ሌላ መስመር ጀመሩ፤ እሱም ማዕዘኑ ላይ ቆመ።

«ዕፁብ!» አሉ።

አምሐ ጆሮው ጭው አለ። ያቺን ቃል! ዕድሜውን ሙሉ የለመናትን ቃል፣ ቀረሶ እየበላ ለሚሥል ሰው! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጅ ያደረሰው ጎልማሳ እዚያው ሰው መሐል ማልቀስ አማረው። ጌትነት ደግሞ አላስቻለውም፤ እጁን እያራገበ ተጠጋ።

«ቀመሩ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግኩ፣ መሪጌታ!»

መሪጌታ ዞረው አላዩትም። ያዩት ልጃቸውን ነው። «አምሐ፣ ይህን መቼ ሣልኸው?»

«እኔ አይደለሁም አባቴ። የመምህር ጌትነት ነው።»

«ምን?» መሪጌታ ተቆጡ። «አረጀ ብለህ ታሞኘኛለህ? መታጠፊያዋን አላውቃትም? ወደ ኋላ ብላ በራሷ ሥር የምታልፈዋን! በመቃ የቀጠቀጥሁህ በእሷ አይደለም ወይ? ከአንተ ሌላ በዚህ አገር እንዲህ የሚያጥፍ ማን አለ?»

አምሐ ግድግዳውን አየ። መጀመሪያ ጊዜ ደኅና አድርጎ ያየው ያን ዕለት ነው፤ እስከዚያ ሲጠላው እንጂ ሲያየው አልነበረም። እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ሐረጉ አንድ እርምጃ ይመለሳል፣ በራሱ ሥር ያልፋል፣ ይታጠፋል። ግድግዳው ሙሉ የእሱ አመል ነው።

«የሱ ናት!» አለ ጌትነት። «ስንት ጊዜ ነገርኩት! ቀመሩ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግኩ ስል ቀመሩን ከማን ያገኘሁት መሰላችሁ? ከሱ ቆዳ ጠርዝ ነው። የሌላው ሰው ሐረግ ማዕዘን ሲደርስ ይዘጋል፣ ያልቃል። የሱ ብቻ ነው የሚቀጥለው፤ ግድግዳው ባያልቅ ኖሮ ጎንደር ይደርስ ነበር።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ስሕተት መስሎኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ስሕተት መስሎኝ ስቀጠቅጥህ ኖርሁ። ዕፁብ ነው አምሐ። ዕፁብ ነው ልጄ።»

እናንተዬ፣ ሰው እንዲህ ያለ ቀን አንዴ ነው የሚያገኘው። አምሐ ግን ደስታው ገና ከጉሮሮው ሳይወርድ አባቱ፣ «በል ደግሞ በገዛ እጅህ የሣልኸውን አሳየኝ» አሉ።

«አባቴ፣ ምሳው ይቅደም፤ ዓሣው ይቀዘቅዛል።»

«ዓሣው ይቆይ።»

«ይምጡ መሪጌታ፣ እኔም አለሁበት!» አለ ጌትነት፣ ክንዳቸውን ይዞ እየመራ። አምሐ ወደ ፍርድ እንደሚወሰድ ሰው ከኋላ ተከተለ።

መሪጌታ የመተላለፊያውን ግድግዳ ከዳር ጀመሩት። ካህናቱን አዩ፤ «ይሁን»። ዓሣ ሻጯን አዩ፤ «ይሁን»። የይብራዎቹ ዓይን ጋ ሲደርሱ ፈገግ አሉ። ከዚያ አንዱ ሰው ጋ ቆሙ። ያቺን አንድ ዓይን አዩ፤ ክንዳቸውን የያዘውን ሰው አዩ፤ ልጃቸውን አዩ።

«ይህ ሰው ምን በደለህ?»

አምሐ ሌላ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን እውነቱ ነበር። «ምንም አልበደለኝም። ቀናሁበት አባቴ። ቅናት ነው።»

አንድ እንግዳ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሊያልፍ መጥቶ ነገሩን ሲያይ ተመለሰ።

«አውቃለሁ እኮ» አለ ጌትነት።

«ምኑን?»

«አንድ ዓይን ምን ማለት እንደሆነ። ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩት ዕለት ተማሪዎቼ ነገሩኝ። አንዱማ መምህር ይህን ፎቶ ያጥፉት ብሎ ለመነኝ።»

«ታዲያ ለምን አላጠፋኸውም?»

ጌትነት ግድግዳው ላይ ያለውን ራሱን ተመለከተ። «ሰው ለሚጠላው ሰው እንዲህ ያለ አፍንጫ አይሥልም። ደግሞስ በጎኑ የቆመ ሰው ሁለተኛ ዓይን የለውም ያለው ማነው? ከወዲያ በኩል ነው ያለው።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ነካ አደረጉ። «ነገ ዓይኑን ስጠው» አሉ ልጃቸውን። ከዚያ ወደ ዓሣቸው ሄዱ።

በማግስቱ አምሐ ጌትነትን በቢራ ሣጥን ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊት ይሥለው ጀመር። ሰውየው መቼ ዝም ይላል! ዓይን ለምን ትልቅ ይሆናል፣ ከፊቱ ስንት እጅ ነው፣ ለቅንድቡ ቀመር አለው ወይ? አምሐ እየሰማ ሣለ፤ ሲሥል ደግሞ አየው። ዓይኖቹ ሥር ድካም አለ። እዚህ አገር ዘመድ የለውም። በዓውደ ዓመት ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ በር የሚያንኳኳው ሌላ የሚሄድበት በር ስለሌለው ኖሯል። አምሐ ይህን እስከዚያ ቀን አስቦት አያውቅም፤ አሁን ግን ሲያስበው የሚሥለውን ዓይን ትንሽ አሰፋው።

ዛሬ ወደዚያ ሆቴል ብትሄዱ፣ ከሕዝቡ ሁሉ ትልቁ ዓይን የጌትነት ነው፤ ከካህናቱ ይበልጣል፤ ወይዘሮ ውዴም «አልበዛም?» ብለዋል። ቅናቱ ለቀቀው አልላችሁም። ሰሞኑን መልአከ ኮምፒውተር ታንኳ መሥራት ሊማር ደንገል ገዝቷል ሲባል አምሐ በመጀመሪያ የተናደደው ለታንኳ ሠሪዎቹ ነው፤ ሁለተኛ የተናደደው «ከእኔ ሌላ ማንን ሊያስጨንቅ ነው?» ብሎ ነው።

ግድግዳው ዳር፣ ውኃው ጫፍ ላይ ደግሞ አምሐ አንድ ሰው ጨምሯል። ብሩሽ የያዘ፣ በጎኑ የቆመ፣ አንድ ዓይን ያለው ሰው። ጌትነት ያየው ዕለት አፍንጫውን ግድግዳው ላይ ሊያስነካ ተጠጋና ደነገጠ።

«አምሐዬ! ይሄ አንተ አይደለህም እንዴ? ሌላኛው ዓይንህስ?»

«ከወዲያ በኩል ነው ያለው» አለ አምሐ። «ወደ አንተ እያየ።»